የጨረቃን መልክ መለዋወጥ ለልጆች በሥዕል ማስተማር

ደሴ ላይ ይህን ትምህርት ለመጀመር የሚመቸው የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አዲሷ ጨረቃ ከተወለደች በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ልጆቹን ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወዳለው ጦሳ ተራራ አዙራችሁ አቁሟቸው፤ ከዚያ በፊት ያለችውን ቀጭኗን ጨረቃ ተራራው ሊጋርዳት ይችላል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቁር ካርቶንና ነጭ ጠመኔ ይበቃዋል። በቡና ስኒ አፍ ልክ ክብ ያስምርና የበራውን ክፍል ብቻ ይቀባ፤ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ቢያሸው ሥዕሉ ሰማይ ላይ የምትታየውን ጨረቃ ይመስላል። በብዙ የውጭ መጻሕፍት ለጋ ጨረቃ ቀጥ ብላ እንደቆመች ትሣላለች፤ እኛ ግን ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ እንደ ሳሕን ጋደል ብላ ትታየናለች። ስለዚህ ልጁ ዓይኑ ያየውን እንጂ የመጽሐፉን እንዳይገለብጥ አደራ እላለሁ።

የጨረቃ መልክ የሚለዋወጥበትን ምክንያት ለማሳየት ክፍሉን አጨልማችሁ አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። ልጁ እንጨት ላይ የተሰካ ብርቱካን ከራሱ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ከአምፖሉ ፊት ለፊት ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዙር። ብርቱካኑ ሁልጊዜ ግማሹ የበራ ሆኖ ሳለ የሚታየው ክፍል እየሰፋ ሲሄድ፣ የጨረቃን መልክ የሚለውጠው የምድር ጥላ አለመሆኑን ራሱ ያስተውላል፤ ጥላው የሚመጣው በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው።

ዙሩ 29 ቀን ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ሥዕሎቹን በቀን ቅደም ተከተል ክር ላይ ስቀሏቸው። ሰማዩ በተሸፈነበት ምሽት ክቡን ባዶ ትተው «ደመና» ብለው ይጻፉበት።