ክረምትን በሞተር፦ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ለሚሠራ ሰው

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ቀበሌዎች ነው። ላም ምጥ ሲጠናባት ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቅም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ውሎዬ ኤክስኤል 125 ሞተሬ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። በእኛ በኩል ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይጠቁርና ማታና ሌሊት ያወርደዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ከ9 ሰዓት በፊት ለመመለስ እሞክራለሁ።

ባሕር ዳር ሞቃት ናት ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ልብስ ርሶ ነፋስ ሲመታችሁ እጅ ይደነዝዛል፣ እጅ ከደነዘዘ ፍሬን የሚይዝ ጣት የለም። ጃኬትና ሱሪው የተለያየ የዝናብ ልብስ ግዙ። እንደ ካባ የሚደረበው ላስቲክ እየተርገበገበ ያስቸግራል፤ ጫፉም ካቴና ውስጥ ይገባል። ከጃኬቱ ሥር ደረት ላይ የተዘረጋ ጋዜጣ ብርድ ይመልሳል። እጄ ላይ ከሹራብ ጓንት በላይ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት እደርባለሁ፤ ሰፋ ያለውን፣ ጠባቡ ጣት አያሳጥፍም። ባልደረቦቼ "ሳህን ልታጥብ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። ሐምሌ ሳያልቅ ሁሉም ገዙ።

የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሽ ከታፈነ፣ አንድ ጠብታ ሻምፖ በውስጥ በኩል ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ እሹት።

አስፓልት ላይ በጣም የምፈራው የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ዝናብ ነው። አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና ሳይታጠብ ሳሙና ይሆናል፤ በተለይ ባጃጆች ተሰልፈው የሚቆሙበት ቦታ። የመኪና ጎማ የሄደበትን ፈለግ ያዙ። ዜብራ፣ የብረት ክዳን፣ ኮብልስቶን ላይ አትጋደሙ፣ ፍሬንም አትያዙ። ወደ ዘንዘልማ ስሻገር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይም የብረት መጋጠሚያዎቹን ቀጥ ብዬ ነው የማልፋቸው። ሁለቱንም ፍሬን በአንድ ላይ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ።

ከዋናው መንገድ ስትወጡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዋልካ አፈር ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ከዚያ ፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ሥር ይታጨቃል፤ ከዚያ የፊት ጎማው ቀጥ ይላል። አንድ ነሐሴ ላይ እንዲህ ቆሞብኝ በመሪው ላይ ተወርውሬ ከነመድኃኒት ሳጥኔ ቦይ ውስጥ ተገኘሁ። ግማሽ ሰዓት በጣቴ ቆፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ክንድ የምታህል ዱላ አስሬ እሄዳለሁ፤ መሪው ከበድ እንዳለኝ ወርጄ እጠርጋለሁ።

ዱላዋ ወንዝ ላይም ትሠራለች። ወርዳችሁ ጥልቀቱን ለኩ፤ ውሃው ከጉልበት ካለፈ ወይም ግንድ እየገፋ ከመጣ አትግቡ፣ እስኪጎድል ጠብቁ። (ቅርብ ካለ ቤት ቡና አይጠፋም።) ስትገቡ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትቀንሱ። መሐል ላይ ከጠፋች አታስነሷት፤ ገፍታችሁ አውጡና ካንዴላውን (ሞተሩ ላይ እሳት የሚፈጥረውን) ፈትታችሁ ውሃውን እስክትተፋ የማስነሻ ፔዳሉን ምቱ። ተሻግራችሁም ወዲያው አትፍጠኑ። የፍሬን ሸራ ውሃ ከጠጣ አይዝም፤ ሃምሳ ሜትር ያህል ፍሬኑን ነካ አድርጋችሁ እየነዳችሁ አድርቁት።

ሰው ስታፈናጥጡ ነጠላውን ወገቡ ላይ ያስረው፤ ጫፉ ከኋላ ጎማ ከተጠመጠመ ሁለታችሁም ወደቃችሁ። አንዴ አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ላድርሳቸው አፈናጥጬ ስሄድ፣ ዝናቡ ሲመጣ ለእኔም አዝነው ጃንጥላ ዘረጉልኝ። ሞተሯ በነፋስ ወደ መንገዱ ጠርዝ ስትሳብ ነው ያወቅኩት። አሁን ጃንጥላውን ተቀብዬ ሳጥኑ ላይ አስራለሁ።

ማታ ጭቃውን አጥባችሁ፣ ካቴናው ሲደርቅ ዘይት አድርጉለት። ቦት ጫማው ውስጥ የደረታችሁን ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ግድግዳ ሥር አቁሙት፤ እኔ ከሰል አጠገብ አስቀምጬ ጠዋት ሶሉ ተለይቶ ጠብቆኛል።