የሰፈርን በሽታ ከአንድ በርሜል ተነስቶ እንዴት ማጥናት ይቻላል? ከድሬዳዋ

ዩኒቨርሲቲዎች «ዓለም አቀፍ ጤና፣ ሕክምና እና ማኅበረሰብ» የሚሉት የጥናት መስክ አላቸው። ሐኪም፣ የታሪክ ሰው፣ አንትሮፖሎጂስትና የኢኮኖሚ ባለሙያ አንድ በሽታ ላይ አብረው የሚያፈጡበት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ከግቢያችሁ ሊጀምር ይችላል። ተማሪ ከሆናችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ካልሆናችሁም ሰፈራችሁን ለማወቅ ያህል ሞክሩት። የእኔ ምሳሌ የድሬ የውሃ በርሜል ነው።

1. ከዕቃ ጀምሩ

«የድሬዳዋ የጤና ችግሮች» ብላችሁ አትነሱ። ማለቂያ የለውም፤ ሦስት ወር ትደክሙና ገና መግቢያው ላይ ናችሁ። እጃችሁ የሚነካውን አንድ ነገር ያዙ፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ ጄሪካን፣ አሮጌ ጎማ። የእኔ ጥያቄ አንድ መስመር ነበር፦ ይሄ በርሜል ለምን አይከደንም?

2. ቢምቢዋን እወቋት

እዚህ ጋ የሕክምናው ትምህርት ያስፈልጋል። በድሬ በርሜል ውስጥ ሁለት ዓይነት ቢምቢ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዷ ኤደስ ናት፤ በቀን ትናከሳለች፤ ደንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን የትኩሳት በሽታዎች ታስተላልፋለች። ሌላዋ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ናት፤ የወባ ቢምቢ ሆና ከተማ የምትወድ፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ የምትራባ።

በሞባይል መብራት እዩት። ጥላችሁ ውሃው ላይ ሲያርፍ እጮቹ እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይጠልቃሉ። ትንሽ ታገሱ፣ ለትንፋሽ ይመለሳሉ። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ ጭራውን ከውሃው ፊት ያንጠለጠለው የኤደስ ነው። ከውሃው ፊት ጋር ተኝቶ የሚንሳፈፈው የአኖፊለስ ነው። በጭልፋ ቀድታችሁ ነጭ ሳህን ላይ ብታፈሱት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳው በብሩሽ መፈተግ አለበት።

3. ታሪኩን ጎልጉሉ

ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። ሰው፣ ጨርቅ፣ ዕቃ ከወደብ ሲገባባት ኖሯል። ከዚያ የወረርሽኞቹን ዓመታት ደርድሩ። በ2013 ደንጊ። በ2019 ቺኩንጉንያ። ስቴፈንሳይ ከእስያ የመጣች ናት፤ በአፍሪካ መጀመሪያ የታወቀችው ጅቡቲ ውስጥ በ2012 ሲሆን፣ በ2016 እኛ አገር፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። በድሬዳዋ በ2019 ሙሉ ዓመት የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በለጠ። ወባ የገጠርና የክረምት ማግስት በሽታ ነው ብሎ ላደገ ሰው ይሄ ግራ ያጋባል።

ስቴፈንሳይን ባቡሩ አመጣት ብላችሁ ግን አትጻፉ። መንገድ መኖሩ ሌላ፣ በዚያ መንገድ መጣች ማለት ሌላ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር አደራ። የጤና ጣቢያ መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ መጽሔት በነሱ። እዚህ የጻፍኩት በሙሉ በነሱ ነው። ከቀላቀላችሁ ወረርሽኙ ሰባትና ስምንት ዓመት ይሸሻል።

4. ሰፈሩን በእግር ዙሩ

በ1854 ለንደን ላይ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አሰፈረ። ነጥቦቹ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ተገኙ። እናንተም ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ቧንቧውን፣ የውሃ ዕቃውን፣ ክዳን መኖሩን ምልክት አድርጉ። ደሃ ሰፈር ብቻ አትሂዱ። ደህና ኑሮ ያለበት ከዚራ ሰፈርም ሮቶ አለ። ግንባታ ላይ ባሉ ሕንፃዎች ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድም እንዳትዘሉ፤ ስቴፈንሳይ ትወደዋለች።

5. ቡና ላይ ጠይቁ

ከሁሉም የሚከብደው፣ ለኔ ደግሞ የሚጥመው ይሄ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ለቀበሌው ንገሩ፣ ተማሪ ከሆናችሁ የዩኒቨርሲቲያችሁን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያዙ። የሰው ስም አትጻፉ። ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚችል ጓደኛ ይኑራችሁ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው፣ ጨዋታው ይደራል፣ መልሱ ግን አያልቅም።

«በርሜሉን ትከድኛለሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «አዎ» ይላል። «ትናንት ስንት ጊዜ ቀዳሽ?» በሉ። (አዎ፣ «ሽ»። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ትልቋንም ሴት «አንቺ» ብትሏት አትቀየምም።)

ገንደ ቆሬ አንድ ግቢ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሰማያዊ በርሜል፣ ግማሽ ድረስ ውሃ፣ እጭ የሞላው። ክዳኑ ጥግ ላይ ከሰል ተሰጥቶበታል። ማስታወሻዬ ላይ «የግንዛቤ ማነስ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሴትየዋን በየስንት ቀኑ እንደምታጥበው ጠየቅኳት።

«አቦ፣ ትሉን አላየሁትም መሰለህ? ወባ እንደሚያመጣም አውቃለሁ። ውሃ የሚመጣው በአራት ቀን ነው። ደፍቼ ልጆቼ ምን ይጠጡ?»

ክዳኑስ? በቀን ሃያ ጊዜ ይቀዳል። ልጆቹ ከፍተው አይመልሱትም። ከሰሉ ደግሞ መሬት ላይ ከተቀመጠ እርጥበት ይስበዋል።

«የግንዛቤ ማነስ» የሚለውን ሰረዝኩት። ሴትየዋ ከእኔ የጎደላት እውቀት የለም፤ የጎደላት ውሃና ክዳን ነው። ይሄ የጥናት መስክ ሐኪሙን ብቻውን የማያሰማራው ለዚህ ነው። ሐኪም ብቻውን ቢመጣ ምክር ሰጥቶ ይሄዳል።

ግቢው ውስጥ የሚያተኩሰው ሰው ካገኛችሁ ጥያቄውን ተዉት። ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ንገሩት። ደንጊ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳይወስድ፤ መድማት ያባብሳሉ።

6. ሒሳቡን ሥሩ

አጭር ነው። ጄሪካን ውሃ ስንት ይሸጣል? ክዳን ስንት ነው? በወባ የተኛ ሰው ስንት የሥራ ቀን ያጣል? ሦስቱን ቁጥሮች ከዚያው ሰፈር ሰብስባችሁ ጎን ለጎን ጻፏቸው።

7. የጻፋችሁትን መልሱ

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ከበርሜሉ ተነስታችሁ ወደ ቢምቢዋ፣ ወደ ሐዲዱ፣ ወደ ቧንቧው ሂዱ። ከዚያ ለነገሯችሁ ሰዎች አንብቡላቸው። እኔ ያቺ ግቢ ተመልሼ ሳነብ ሴትየዋ ቡናውን እየቀዳች ሰማችኝ። መሃል ላይ አቋረጠችኝ።

«አራት ቀን ያልኩህ ድሮ ነው። ባለፈው ሳምንት ስድስት ቀን ነው የቆየው።»

እስክሪብቶ አውጥቼ አረምኩት።