ግምት መጀመሪያ፣ ማብሪያው በኋላ

ተማሪዎቼ የኤሌክትሪክ ትምህርት መሠረት የሆነውን የኦምን ሕግ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል። «ሁለት እኩል አምፖሎች በተከታታይ ቢገናኙ የትኛው ይበልጥ ይበራል?» ስላቸው ግን ብዙዎቹ «የመጀመሪያው! ለሁለተኛው የሚተርፈው ትንሽ ነው» አሉ።

ፌት (PhET) የሚባሉትን ነፃ የሳይንስ ማስመሰያዎች፣ ማለትም ሙከራን በኮምፒውተር ላይ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች፣ ተጠቀምኩ። በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመሩ ናቸው። ኢንተርኔታችን ስለማያስተማምን የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ማስመሰያ ቤት አውርጄ በፍላሽ ወሰድኩት። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይበቃል።

ለውጡን ያመጣው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ዝም ብሎ ቢከፈትላቸው እንደ ፊልም አይተውት ይወጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም ግምቱንና ምክንያቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ማብሪያው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለቱም እኩል በሩ! ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ ተማሪ «ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆናል፤ አሚትሩን (የከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያውን) ከሁለተኛው አምፖል በኋላ እናድርገው» አለች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ዓይነት ጥርጣሬ በጣም ያስደስተኛል። መልሱን አልነገርኳቸውም፤ ከረንቱ አምፖሉ ውስጥ ካላለቀ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ እነሱው እንዲያስረዱ ተውኳቸው።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አምፖሎቹን በትይዩ (እያንዳንዱን በየራሱ መስመር) አገናኝተው፣ የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ።