ፍሎፒ ላይ የቀረ የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ይወጣል?

የእድራችን የቀድሞ ጸሐፊ በብስኩት ቆርቆሮ አሥራ አንድ ፍሎፒ፣ ማለትም የድሮ ኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ ዲስክ፣ ይዘውልኝ መጡ። "የአባላቱ መዝገብ እዚህ ውስጥ ነው፣ ታወጣልኛለህ ልጄ?" አሉኝ። ዘጠኙ ወጣ፣ ሁለቱ እምቢ አለ። እናንተም ቤት መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ካለ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ድራይቭ፣ ማለትም ፍሎፒውን የሚያነበውን መሣሪያ፣ ፈልጉ። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ድራይቭ ዛሬም ይገኛል፤ የሚያነበው ግን ባለ 3.5 ኢንቹን ብቻ ነው። ትልቁና ልፍስፍሱ ባለ 5.25 ኢንች ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው፣ የዘመኑን ድራይቭና ግሪስዊዝል የሚባል ትንሽ ቦርድ ይፈልጋል።

ፍሎፒውን ከማስገባታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጥጉን እዩ። የምትንሸራተት ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ቀዳዳው ወለል ብሎ እስኪታይ ግፏት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ፍሎፒ የሚቆለፈው ቀዳዳው ሲከፈት ነው፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ያነባል እንጂ ምንም መጻፍ አይችልም። ባለ 1.44 ሜጋባይቱ በሌላኛው ጥግ ክዳን የሌለው ቀዳዳ አለው፣ እሱን ተዉት።

ቀጥሎ የብረት መከለያውን ወደ ጎን ሳብ አድርጉና፣ ከኋላ ያለውን እምብርት በጣት ቀስ እያዞራችሁ ውስጡን በብርሃን እዩት። ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። አታስገቡት! የድራይቩን ራስ ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ፍሎፒ ይፍቃል። እኔ አንዱን ያበላሸሁት እንደዚሁ ቸኩዬ ነው።

አሁን አስገቡ። ዊንዶውስ "ፎርማት ላድርገው?" ካለ በፍጹም እሺ እንዳትሉት።

ፋይል በፋይል ኮፒ ማድረግም አትጀምሩ። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ አንድ ኢሜጅ ፋይል ገልብጡት፤ ኢሜጅ ሲባል ፎቶ ሳይሆን የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ነው። ዊንዶውስ ላይ ዊንኢሜጅ የሚባል ፕሮግራም አለ። እኔ ግን ሊኑክስ ላይ ያለውን ዲዲሬስኪው እመርጣለሁ፤ ደህና ደህናውን ቀድሞ ይሰበስባል፣ ወደተጎዳው ኋላ ይመለሳል፣ የት እንደደረሰም ስለሚመዘግብ አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ፍሎፒ ሌላ ድራይቭ ላይ ከቆመበት መቀጠል ትችላላችሁ። ባለ 1.44ቱ ሙሉ ከተገለበጠ ፋይሉ ልክ 1,474,560 ባይት ነው። ከዚህ በኋላ ፍሎፒውን አትንኩት፣ ሥራው ሁሉ ኢሜጁ ላይ ነው። የፋይሎቹ ዝርዝር ከጠፋ፣ ፋይሎችን ያለ ዝርዝር ፈልጎ የሚያወጣውን ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም ሞክሩ።

አዲሱ ወርድ የ1990ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ፋይል አልከፍትም ካለ ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል። ተከፍቶም የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ካያችሁ አትደንግጡ፣ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ እኛ አገር እንደውም ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ ሶፍትዌሩ ሁሉ ፊደሎቻችንን በእንግሊዝኛዎቹ ቦታ ላይ በየራሱ አደራደር ነበር የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ጽሑፉን ምረጡና የፎንቱን ስም አንብቡ። ያንኑ ፎንት አግኝታችሁ ጫኑ፣ አማርኛው ይመለሳል። ወዲያው ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ፎንት ወደማይዝ ተራ ጽሑፍ ግን አትቀይሩት። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ በሁለትና ሦስት ፎንት የከፋፈሉት ነበሩ፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ የትኛው ምልክት "ለ" የትኛው "ሸ" እንደሆነ መለየት መከራ ነው።

የጸሐፊው መዝገብ ሲከፈት መነጽራቸውን አደረጉና ስክሪኑን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። አንድ ስም ላይ ቆሙ። "ይሄ ሰውዬ እኮ የሦስት ወር መዋጮ አልከፈለም!"