በጣና ዙሪያ ከባዛልት ሥር የተቀበረን ጥንታዊ ቤዚን በሴይስሚክ ሲያጠኑ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከባሕር ዳር ተነስቶ በደጀን በኩል የዓባይን ሸለቆ የሚወርድ ሰው ከጥቁሩ ባዛልት በታች የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰምና የሸክላ አለት፣ ከዚያም የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ተደራርቦ ያያል። በጣና ዙሪያ ግን የዚያው ዘመን ደለል አለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ስለተሸፈነ በዓይን አይታይም። በአካባቢው የተካሄደ የማግኔቶቴሉሪክ ጥናት (ከምድር ሥር ያለው አለት ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚለካ) ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ደለል አለት ከሥር እንዳለ አመልክቷል፤ የቤዚኑን (ደለል የተጠራቀመበትን ጎድጓዳ) ቅርጽና ፎልቶቹን (አለቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተባቸውን ቦታዎች) ለይቶ ለማሳየት ግን ሴይስሚክ፣ ማለትም ወደ ምድር ተልኮ ከአለት ንብርብሮች የሚመለስ ሞገድ፣ ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ከሚፈጠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ባዛልቱ በሞገዱ ላይ ያደረሰውን ለውጥ የታችኛው ደለል ቅርጽ አድርጎ ከማንበብ የሚመጡ ናቸው።

ምልክት፦ ከባዛልቱ በታች ተከታትሎ የሚነበብ ነጸብራቅ የለም

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የኃይል ማነስ አይደለም። በባዛልት ውስጥ ሞገድ በሰከንድ 5,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲጓዝ ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ያለው ፍጥነት ከዚህ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ከሞገዱ ጉልህ ድርሻ ገና ከባዛልቱ አናት ላይ ተመልሶ ይቀራል። ያለፈውም ቢሆን በላቫ ፍሰቶች መካከል ባለው አመድና ቀይ አፈር እየተበታተነ ከፍተኛ ድግግሞሹን (በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚርገበገበውን ክፍሉን) ያጣል። ስለዚህ ፈንጂ መጨመር የመጀመሪያው ሐሳብ ሊሆን አይገባም፤ የሚበታተነው ጫጫታ የሚመነጨው ከዚያው ፈንጂ ስለሆነ አብሮ ያድጋል።

የሚያዋጣው ዝቅተኛ ድግግሞሽን፣ በተለይ ከ5 እስከ 20 ኸርዝ ያለውን፣ ከምንጩ ጀምሮ እስከ ጂኦፎኑ (የመሬቱን ንዝረት እስከሚቀበለው መሣሪያ) ድረስ መጠበቅና የመስመሩን ርዝመት ከዒላማው ጥልቀት ብዙ እጥፍ ማድረግ ነው፤ ለ2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ከምንጩ እስከ ሩቁ ጂኦፎን ከ6 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ማሰብ ተገቢ ነው። ዋጋው ግን የዝርዝር መጥፋት ነው፦ በሰከንድ 3,500 ሜትር ፍጥነት ባለው ደለልና በ20 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 175 ሜትር ስለሚሆን፣ ከሩቡ ማለትም ከ44 ሜትር ገደማ የሳሳ ንብርብር አናቱና ግርጌው ተለይቶ አይታይም። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ጂኦፎን በበጋ በተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ ሲተከል መሬቱን በደንብ ስለማይጨብጥ፣ እርጥበት ያለው አፈር እስኪገኝ ድረስ ቆፍሮ መትከል ይሻላል።

ምልክት፦ በሐይቁ ላይ በተሰበሰበ መረጃ እኩል የተራራቁ መስመሮች ይደጋገማሉ

ይህ በውሃው ወለልና በሐይቁ መሬት መካከል የሚመላለስ ሞገድ ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ መስመሮቹ በ19 ሚሊሰከንድ ልዩነት ይደጋገማሉ፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ ልዩነቱም ይቀንሳል፤ ማረጋገጫውም ይኸው ነው። መፍትሄው በውሃው ጥልቀት የተሰላ ዲኮንቮሉሽን (ተደጋጋሚውን ሞገድ በስሌት ከመረጃው የማስወገድ ዘዴ) ነው። ከጭቃው በታች ምስሉ ድንገት የሚጨልም ከሆነ ግን ምክንያቱ የጋዝ አረፋ ሊሆን ስለሚችል፣ በኮምፒውተር ከመድከም መስመሩን በሌላ በኩል ማሳለፍ ይበጃል።

ምልክት፦ ከባዛልቱ በታች ጉብታ ይታያል

እጅግ የሚያሳስተው ይህ ነው። የሴይስሚክ ምስል የሚነበበው በጊዜ እንጂ በሜትር ስላልሆነ፣ ፈጣን አለት በወፈረበት ቦታ ከሥሩ ያለው ሁሉ ወደ ላይ የተነሳ ይመስላል። በአንድ ቦታ ባዛልቱ 200 ሜትር፣ በሌላው 600 ሜትር ነው እንበል። ልዩነቱን 400 ሜትር በሰከንድ 3,000 ሜትር ፍጥነት ባለው ደለል ፋንታ 5,000 ሜትር ፍጥነት ያለው ባዛልት ሲይዘው፣ የደርሶ መልስ ጊዜው በ107 ሚሊሰከንድ ያጥራል። በደለል ፍጥነት ሲተረጎም ይህ የሌለ የ160 ሜትር ጉብታ ነው።

መፍትሄው የባዛልቱን ውፍረትና ፍጥነት ከሪፍራክሽን መረጃ (በፈጣኑ አለት ውስጥ ታጥፎ ተጉዞ ከሚመለስ ሞገድ) አስልቶ ምስሉን ወደ ጥልቀት መለወጥ ነው። በሸለቆው ግድግዳ ላይ የሚለካ ፍጥነት ይረዳል፤ ሆኖም የተጋለጠ አለት የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ከተቀበረው ያነሰ ፍጥነት ሊያሳይ ይችላል። የግራቪቲ መረጃ ብቻውን እዚህ አይፈርድም፤ የወፈረ ባዛልትም ሆነ እውነተኛ የመሠረት አለት ጉብታ ሁለቱም የስበት ልኩን ከፍ ያደርጋሉና። ማግኔቶቴሉሪክ ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ደለል በጉብታው ላይ መሳሳቱን ወይም ውፍረቱን እንደጠበቀ መቀጠሉን ሊያሳይ ይችላል።

ምልክት፦ ደለሉ ወደ አንድ ወገን ይወፍራል፤ የስምጥ ነው ወይስ የፎርላንድ?

ስምጥ ምድር ተለጥጦ የሰመጠበት፣ ፎርላንድ ደግሞ በተራራ ሰንሰለት ግርጌ የጎበጠ ቤዚን ነው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን የሚወፍር ሽብልቅ ይሠራሉ። በሱዳን ሙግላድ እንዳለው በተቀበረ ስምጥ ውስጥ ደለሉ የሚወፍረው ሲንቀሳቀስ ወደነበረ ኖርማል ፎልት (ምድር ሲለጠጥ አንዱ ወገን ወደ ታች የተንሸራተተበት) ሲሆን፣ በሂማላያ ግርጌ እንዳለው የጋንጅስ ሜዳ ባለ ፎርላንድ ግን የተራራው ክብደት ወዳጎበጠው ወገን ነው። በፎርላንድም በመጉበጡ ምክንያት ኖርማል ፎልቶች ስለሚፈጠሩ ፎልት ማየት ብቻ አይበቃም፤ ንብርብሮቹ በእያንዳንዱ ፎልት ላይ መወፈራቸው ይመርመር።

በጣና ሥር ሦስት ግራበኖች (በፎልቶች መካከል የሰመጡ ቦታዎች) ስለሚገናኙ ዋናው ጥያቄ የትኛው ፎልት ጥንታዊ ነው የሚል ነው። የባዛልቱን ግርጌ ጠፍጣፋ አድርጎ ምስሉን መልሶ ማየት፣ ሽብልቁ ከባዛልቱ በፊት የነበረ መሆኑን ያሳያል። ደለሉን ቆርጦ ባዛልቱን ያልቆረጠ ፎልት የቀድሞ ነው። ሁለቱንም የቆረጠ ከሆነ የመንሸራተቱ መጠን በጥልቁ ንብርብርና በባዛልቱ ግርጌ ላይ ተለክቶ ይነጻጸር፤ በጥልቁ የሚበልጥ ከሆነ ፎልቱ ከባዛልቱ በፊትም በኋላም ተንቀሳቅሷል።