ለንደን ውስጥ በፐብ ኳስ ለማየት ለሚያስቡ

የእንግሊዝ ኳስ የሚከታተል ሰው ለንደን ሲገባ በቅድሚያ የሚመኘው ስታዲየም መግባትን ነው፤ ይሁንና የታላላቆቹ ክለቦች ትኬት ውድ ከመሆኑም በላይ ቅድሚያው ለአባላት ስለሚሰጥ፣ ለጥቂት ቀናት የመጣ እንግዳ በቀላሉ አያገኘውም። ትኬት ባለመገኘቱ ግን ጉዞው ከንቱ አይሆንም፤ ከሰፈሩ ደጋፊዎች ጋር ፐብ (የእንግሊዞች መጠጥ ቤት) ውስጥ ሆኖ ኳስ ማየት በእኔ እምነት ራሱን የቻለ ትልቅ ደስታ ነው። ደስታው የሚሟላው የትኛው ፐብ የትኛውን ጨዋታ እንደሚያሳይና የማን ደጋፊዎች እንደሚሰበሰቡበት አስቀድሞ አጣርቶ ለሄደ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት የቅዳሜ ከሰዓቱን ክልከላ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ከ8፡45 እስከ 11፡15 ባለው ጊዜ ውስጥ (ሰዓቶቹን ሁሉ የምጽፈው የለንደኑን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው) በብሪታንያ ቴሌቪዥን የሊግ ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የበርንሊ ክለብ ሊቀመንበር በነበሩት በቦብ ሎርድ ግፊት የመጣ ሲሆን፣ ዓላማውም ሰው ትልልቆቹን ክለቦች ለማየት ቤቱ ቀርቶ የትንንሾቹ ክለቦች ሜዳ ባዶ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ 9 ሰዓት የሚጀመረውን ጨዋታ ሐዋሳ ወይም ጎንደር ያሉ ጓደኞችዎ በዲኤስቲቪ ቤት በቀጥታ ሲያዩት፣ እርስዎ ጨዋታው በሚደረግበት ከተማ ውስጥ ሆነው በየትኛውም ሕጋዊ ስክሪን አያገኙትም። ፐብ ለመሄድ የሚመቹት ሰዓቶች ቅዳሜ 6፡30 እና 11፡30፣ እሑድ 8 ሰዓት እና 10፡30፣ እንዲሁም ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ናቸው።

በእነዚህ ሰዓቶችም ቢሆን ሁሉም ፐብ ሁሉንም ጨዋታ አያሳይም። የቅዳሜ 6፡30ው ጨዋታ የሚተላለፈው ቲኤንቲ ስፖርትስ በተባለው የክፍያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲሆን የቀሩት አብዛኛዎቹ የሌላው የክፍያ ጣቢያ፣ የስካይ ስፖርትስ ናቸው፤ ለንግድ ቤት የሚጠየቀው ክፍያ ከባድ በመሆኑም አንዱን ብቻ የያዘ ወይም ጭራሽ ምንም የሌለው ፐብ ብዙ ነው። የፐቡን ድረ ገጽ ማየት ወይም ፋንዞ በተባለው መተግበሪያ መፈለግ ይቻላል፤ ትልቅ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ደውሎ ጠረጴዛ ማስያዝና፣ በተለይም ስክሪኑ ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይገባል።

ብዙዎች ስታዲየሙ አጠገብ ያለ ፐብ ለማየት ይበልጥ የሚመች ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሕግ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሜዳው እየታየ አልኮል መጠጣት ስለተከለከለ፣ ደጋፊው የሚጠጣውን ጠጥቶ የሚዘምረውን ዘምሮ የሚገባው ከነዚህ ፐቦች ነው። ለምሳሌ የአርሰናል ሜዳ በሆነው በኤምሬትስ ስታዲየም ዙሪያ በብላክስቶክ ሮድና በሆርንሲ ሮድ ያሉት ፐቦች ጨዋታው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ሰው በሰው ላይ ይሆኑና፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ባንዴ ይራገፋሉ። ዝማሬውን መስማት የሚሻ ቀደም ብሎ ወደዚያ ይሂድ፤ ጨዋታውን ተረጋግቶ ማየት የሚፈልግ ግን ራቅ ያለ ፐብ ቢመርጥ ይሻለዋል። በሩ ላይ የባለሜዳው ደጋፊዎች ብቻ እንደሚገቡ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊኖር ይችላል፤ ጥበቃዎች ትኬት ወይም የአባልነት ካርድ የሚጠይቁባቸውም አሉ። የአርሰናል ማሊያ ለብሶ የተቀናቃኙ የቶተንሃም ሰፈር በሆነው ቶተንሃም ሃይ ሮድ ላይ ያለ ፐብ መግባት በፍጹም አይገባም፤ ጥርጣሬ ካለዎት ያለ ማሊያ ይሂዱ። ከ25 ዓመት በታች የሚመስል ሰው ብዙ ጊዜ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ፓስፖርት መያዝም ይጠቅማል።

ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አስተናጋጅ መጠበቅ በአብዛኛው ፐብ ትርፉ ጉሮሮን ማድረቅ ነው። ደንበኛው ራሱ ባንኮኒው ድረስ ሄዶ ያዛል፣ እዚያው ይከፍላል፣ መጠጡንም ይዞ ይመለሳል፤ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉም ስላሉ ካርድ ያስፈልጋል፤ ባንኮኒ ላይ ጉርሻ አይጠበቅም። በባንኮኒው ፊት የተሰለፈ ሰው ባይታይም ተራ ግን አለ። ማን ከማን ቀድሞ እንደደረሰ ሁሉም በልቡ ይይዛል፤ ቀጂው በስህተት ቀድሞ እርስዎን ቢጠይቅ፣ ከእርስዎ በፊት የደረሰውን ሰው በእጅ ማመልከት ወዲያው ወዳጅ ያተርፋል። ማጨብጨብ፣ ማፏጨት ወይም ገንዘብ ማውለብለብ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ከሰዎች ጋር ተቀላቅለው ከጠጡ መጠጥ የሚገዛው በዙር ነው፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። እንደ እኛ «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ» ብሎ መታገል የለም፤ ተራዎ ሲደርስ ግን ሳይጠየቁ ይነሱ፣ ለስላሳ ብቻ የሚጠጡ ቢሆንም እንኳ። የቢራ መለኪያ የሆነው አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ግማሽ ማዘዝ ነውር የለበትም፤ አልኮል የሌለው ቢራም በአብዛኛው ይገኛል።

ስለ ምግቡ የአገሬ ሰው እንዲጠነቀቅ አጥብቄ እመክራለሁ። ከባንኮኒው ጀርባ በትንንሽ ከረጢት ተንጠልጥሎ የሚሸጠው፣ ቡናማና ኮረት ኮረት ያለው ፖርክ ስክራቺንግስ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ነው፤ ጋመን የሚባለውም አሳማ ነው፤ ሶሴጅም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ቪገን (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት) የሚል ምልክት ካለበት ይምረጥ፤ የድንች ጥብሱ በምን ዘይት እንደተጠበሰ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ በከብት ስብ የሚጠብሱ አሉና።

ጨዋታው ሲያልቅ በስታዲየሙ አካባቢ ካሉ ወዲያው ወደ ባቡር አይሩጡ። አርሰናል ጣቢያ በሰልፍ ይሞላል፤ በሆሎዌይ ሮድ ጣቢያም በጨዋታ ቀን አገልግሎቱ ይገደባል፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ ፊንስበሪ ፓርክ በእግር መሄዱ ይቀላል።