ለልጅዎ ጉበት ቫይታሚን ከመግዛትዎ በፊት

ጅማ ውስጥ ልጅ ሲወፍር «ተመችቶታል» እንላለን፤ እናትየውም ትመሰገናለች። ሐኪም «ጉበቱ ላይ ስብ አለ» ያለ ቀን ግን ቤቱ ይታመሳል፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል።

«መጠጥ አይጠጣ፣ ከየት አመጣው?» የመጀመሪያው ይሄ ነው። ጉበት ከመጠን ያለፈውን ስኳር ወደ ስብ ይቀይረዋል። አልኮል መቅመስ አይጠበቅም።

«ዓይኑ መች ቢጫ ሆነ?» ብሎ መዘናጋትም አለ። የወፍ በሽታ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ጉበት ላይ ያለ ስብ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። በጣም የወፈረ ልጅ ከ9 እስከ 11 ዓመቱ ባለው ጊዜ የጉበት የደም ምርመራ ቢያደርግ ይመከራል።

ትልቁ ስህተት ግን በቀጥታ ወደ ፋርማሲ መሮጥ ነው። ቫይታሚን ኢ እና ሲ ስቡ በጉበት ሴሎች ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ይቀንሳሉ ተብሎ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር። በ2011 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 173 ልጆችን ለ96 ሳምንታት ተከታትሏል። በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት የጉበት ኢንዛይማቸው (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛው) መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻለ አልወረደም። ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ጉበታቸው ከስቡ አልፎ ከተቆጣባቸው መካከል ቁጣው የጠፋላቸው በቫይታሚኑ 58 በመቶ፣ በባዶው ክኒን 28 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሐኪም መርምሮ ለአንዳንድ ልጅ ሊያዝ ይችላል። ጎረቤት ግን አያዝም! በተለይ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ጉበት ላይ ተጠራቅሞ ይጎዳዋል።

«ጁስማ ፍራፍሬ ነው» የሚሉም አሉ። ስፕሪሱ ላይ ስኳር ይጨመራል። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውም ላይ ይነሰነሳል። የአገራችን ማርም ቢሆን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ለጉበት ስኳር ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ከሰባት እስከ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ።

የመጨረሻው፣ ልጁን ብቻ መከልከል ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነ ጥናት፣ 40 ወንድ ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። በግማሾቹ ቤት የመላው ቤተሰብ ምግብ ለ8 ሳምንታት ስኳር ተቀነሰለት። የእነዚህ ልጆች የጉበት ስብ በአማካይ ከ25 ወደ 17 በመቶ ወረደ። እኛ ቤት ደግሞ ልጁ ውኃ ይቀዳለታል፤ አባትየው ፊቱ ለስላሳ ይከፍታል።